የላንቃ ጥበት፣ የሌሊት ትንፋሽና የተማሪው ትምህርት

በትምህርት ሰዓት የሚያንቀላፋ፣ የተነገረውን ቶሎ የሚዘነጋ ወይም በመቀመጫው ላይ እየተቁነጠነጠ ጎረቤቶቹን የሚያውክ ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ስም ሰነፍ ወይም ረባሽ የሚል ነው። ለእንዲህ ያለው ጠባይ ምክንያቶቹ አያሌ ናቸው። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣ፣ ረጅም መንገድ በእግሩ የተጓዘ፣ ሌሊቱን ሲያተኩሰው ያደረ፣ ዓይኑ ወይም ጆሮው የደከመ ሕፃን ሁሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ምክንያቶች መካከል እምብዛም የማይነሣው አንዱ፣ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ እንደ ልቡ መተንፈስ አለመቻሉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ችግር ምን እንደሆነ፣ ኦርቶዶንቲክስ የሚባለው የጥርስና የመንጋጋ ማስተካከል ሕክምና በምን ሁኔታ ሊረዳ እንደሚችልና በምን ሁኔታ እንደማይረዳ ማብራራት ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1889 ዊልያም ሂል የተባለ ሐኪም በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ባወጣው ጽሑፍ የአንዳንድ ሕፃናትን በትምህርት ወደ ኋላ መቅረት ከአፍንጫና ከጉሮሮ መዘጋት ጋር አያይዞታል። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1892 ዊልያም ኦስለር በታወቀው የሕክምና መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ፣ ቶንሲላቸው ያበጠ፣ አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱና ሌሊት እንቅልፋቸው የሚታወክ ሕፃናትን ሁኔታ ዘርዝሮ ገልጿል። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት ችላ ተብሎ ቆየ። እንደገና ትኩረት ያገኘው በ1976 ክርስቲያን ጊልሚኖና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ የስምንት ሕፃናትን የእንቅልፍ ትንፋሽ በመሣሪያ መዝግበው ውጤቱን ባሳተሙ ጊዜ ነው።

በእንቅልፍ ጊዜ የሚሆነው

ሰው በነቃ ጊዜ የጉሮሮው ጡንቻዎች ውጥር ስለሆኑ የአየር መተላለፊያው ተከፍቶ ይቆያል። በእንቅልፍ ጊዜ እነዚህ ጡንቻዎች ይላላሉ፤ ምላስም ወደ ኋላ ያዘነብላል። መተላለፊያው ከመጀመሪያውም ሰፊ ከሆነ ይህ ጉዳት የለውም። ጠባብ ከሆነ ግን የሚያልፈው አየር ለስላሳውን ሥጋ ያርገበግበዋል፤ ማንኮራፋት የሚባለውም ይኸው ነው። ጥበቱ ሲብስ መተላለፊያው በከፊል ወይም በሙሉ ይዘጋል። ደረቱ ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም አደጋውን ተገንዝቦ ሕፃኑን ለአንድ አፍታ ከጥልቅ እንቅልፍ ያወጣዋል። ሕፃኑ በኃይል ይተነፍስና ተመልሶ ይተኛል፤ ጠዋትም አንዱንም አያስታውስም። ይህ ሁኔታ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። በአዋቂዎች ዘንድ በሰዓት እስከ አምስት የሚደርስ መቋረጥ እንደ ጤነኛ ሲቆጠር፣ በሕፃናት ግን በሰዓት አንድና ከዚያ በላይ የሆነ የመዘጋት ችግር ከጤነኛው ወሰን ውጭ ነው ተብሎ ይወሰዳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ባወጣው መመሪያ፣ ልዩ ልዩ ጥናቶችን መሠረት በማድረግ፣ ችግሩ ከመቶ ሕፃናት መካከል ከአንድ እስከ ስድስት በሚጠጉት ላይ እንደሚገኝ አመልክቷል።

የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ይህን ያህል ለምን እንደሚያስቸግር የፊዚክስ መምህራን በቀላሉ ሊያስረዱት ይችላሉ። አየር በቱቦ ውስጥ ሳይታወክ በሚፈስበት ጊዜ የቱቦው ሬዲየስ በግማሽ ቢቀንስ፣ የሚገጥመው እገዳ በእጥፍ ሳይሆን በ16 እጥፍ ይጨምራል። ሬዲየሱ በአምስት አንድ እጅ ብቻ ቢቀንስ እንኳ እገዳው ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል። እርግጥ ጉሮሮና አፍንጫ እንደ ብረት ቱቦ ግትርና ለስላሳ አይደሉም፤ ስሌቱም ለነሱ በቀጥታ አይሠራም። ቢሆንም ትንሽ መጥበብ ትልቅ ችግር፣ ትንሽ መስፋትም ትልቅ እፎይታ ሊያመጣ የሚችልበትን ምክንያት ያሳያል።

የሕፃናትን መተላለፊያ ከሚያጠቡት ነገሮች ዋነኞቹ በጉሮሮ ግራና ቀኝ የሚገኙት ቶንሲሎችና ከአፍንጫ በስተኋላ ተሸሽጎ የሚገኘው አዴኖይድ የተባለው ሥጋ ናቸው። እነዚህ ከመተላለፊያው ስፋት ጋር ሲመዛዘኑ በተለይ ከሁለት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ ጎልተው ይታያሉ። ከነሱ ሌላ የአፍንጫ አለርጂ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ እንዲሁም የመንጋጋ አጥንት አፈጣጠር አስተዋጽኦ አላቸው። የጥርስ ሐኪሙ ድርሻ የሚመጣው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው።

የላንቃና የአፍንጫ ጉርብትና

የአፍ ጣሪያ የአፍንጫ ወለል ነው። አንዱ ከጠበበ ሌላውም ይጠባል። ላንቃው ጠባብና እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ላይ የሾለ ሕፃን፣ የአፍንጫው መተላለፊያም በዚያው መጠን የጠበበ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ምላስ በጠባብ ላንቃ ሥር የሚያርፍበት ቦታ ስለማያገኝ ዝቅ ብሎ ወደ ጉሮሮ ያፈገፍጋል። በዚህ ዓይነት ጥበቱ በሁለት ቦታ፣ ማለትም በአፍንጫም በጉሮሮም ይሆናል።

ሕፃኑ በአፉ የሚተነፍሰው ላንቃው ስለ ጠበበ ነውን? ወይስ ላንቃው የጠበበው በአፉ ስለሚተነፍስ ነው? ይህ ጥያቄ ሊቃውንቱን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በካሊፎርኒያ ኢጊል ሃርቮልድና ባልደረቦቹ በዝንጀሮ ግልገሎች ላይ ያደረጉትና በ1981 ያሳተሙት ሙከራ እንዳሳየው፣ አፍንጫቸው የተደፈነባቸው እንስሳት ከጊዜ በኋላ የጥርሳቸው አገጣጠም ተለውጧል፤ ለውጡ ግን በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አልነበረም። ሰው ዝንጀሮ አይደለም፤ የሕፃናትም አፍንጫ እንደ ሙከራው ፈጽሞ የሚደፈንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሚዛናዊ ሆኖ የሚታየው አስተያየት ሁለቱም እርስ በርሳቸው ይመጋገባሉ የሚለው ነው። ከእናትና ከአባት የሚወረሰው የፊት ቅርጽ፣ ለረጅም ዓመታት ጣት የመጥባት ልማድና የአፍንጫ መዘጋት ተባብረው ላንቃውን ያጠቡታል፤ የጠበበው ላንቃም በበኩሉ የአፍንጫውን ችግር ያባብሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። የጥርስ መዛነፍ ብቻውን ትንፋሽ አይዘጋም። ጥርሶቹ ተደራርበው የበቀሉበት ብዙ ሕፃን ሌሊቱን በሰላም ያድራል፤ ጥርሱ ያማረ ሕፃንም በቶንሲል ምክንያት ሲታነቅ ሊያድር ይችላል። ስለሆነም ጥርስን በሽቦ አሰልፎ ማሳመር አንድ ነገር ነው፤ የመንጋጋን አጥንት ማስፋት ሌላ ነው። ለትንፋሽ የሚበጀው ሁለተኛው ነው።

ላንቃን የማስፋት ሥራ

የላይኛው መንጋጋ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ግራና ቀኝ ሁለት አካላት ሆኖ በላንቃው መካከል ላይ በሚገኝ መጋጠሚያ ይያያዛል። ይህ መጋጠሚያ በልጅነት ገና ያልጠነከረ ስለሆነ በመጠነኛ ኃይል ሊላቀቅ ይችላል። ከጉርምስና በኋላ ግን የሁለቱ አጥንቶች ጠርዞች እንደ መጋዝ ጥርስ እየተጠላለፉ ስለሚሄዱ ሥራው እያዳገተ ይመጣል።

ሐኪሙ በላይኛው የኋላ ጥርሶች ላይ የብረት ቀለበቶች ያስርና በመካከላቸው በላንቃው ላይ ትንሽ ብሎን ያኖራል። ወላጅ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብሎኑን በቀጭን ቁልፍ ሩብ ዙር ያዞረዋል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች አንድ ሩብ ዙር ወደ 0.25 ሚሊሜትር ያህል ይከፍታል። ሥራው እንደ ጥበቱ መጠን ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ በሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶች መካከል ክፍተት ይታያል። ይህም የማያውቀውን ወላጅ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን መጋጠሚያው መከፈቱን የሚያበሥር ምልክት ስለሆነ መልካም ነው፤ ክፍተቱም አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ራሱ ይጠባል። ከዚያ በኋላ በተከፈተው ቦታ አዲስ አጥንት እስኪሞላ ድረስ መሣሪያው ለተወሰኑ ወራት ሳይዞር እንዳለ ይቆያል። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊት ይሰማዋል፤ አነጋገሩም ጥቂት ይኮላተፋል። በዚህ ወቅት መምህሩ ጮክ ብሎ የማንበቡን ተራ ቢያሳልፍለት ተገቢ ነው።

ይህን ዘዴ መጀመሪያ የገለጸው ኤመርሰን ኤንጅል የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የጥርስ ሐኪም ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1860 ነበር። ራጅ የተገኘው በ1895 ስለሆነ ኤንጅል አጥንቱ መላቀቁን በዓይን ማሳየት አልቻለም፤ በፊት ጥርሶቹ መካከል ከታየው ክፍተት ተነሥቶ ነው የተናገረው። የሥራ ባልደረቦቹም አላመኑትም። ዘዴው እንደገና የተስፋፋው ከመቶ ዓመት በኋላ በ1961 አንድሪው ሃስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የራሱን ጥናት ካሳተመ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ዓላማው የጥርስ አገጣጠም እንጂ እንቅልፍ አልነበረም።

ከእንቅልፍ ጋር ያለው ግንኙነት በሰፊው የተመረመረው በቅርቡ ነው። በ2004 ፓኦላ ፒሬሊ፣ ሳፖናራና ጊልሚኖ ባሳተሙት ጥናት፣ ላንቃቸው የጠበበ ነገር ግን የአዴኖይድ እብጠት የሌለባቸው 31 ሕፃናት ተመርምረው ነበር። በሰዓት በአማካይ 12.2 የነበረው የትንፋሽ መቋረጥ፣ ላንቃቸው ከሰፋ ከአራት ወር በኋላ ከአንድ በታች ሆኗል። ከነዚሁ መካከል 23ቱ ለ12 ዓመታት ክትትል የተደረገላቸው ሲሆን ውጤቱ እንደ ጸና በ2015 ተገልጿል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ቢሆንም ጥናቱን ማንበብ የሚገባው በጥንቃቄ ነው። የሕፃናቱ ቁጥር ጥቂት ነው፤ የተመረጡትም ለሕክምናው የሚስማሙ ናቸው፤ ሳይታከሙ የቆዩ ተመሳሳይ ሕፃናት ለማነጻጸሪያ አልተያዙም። ሕፃናት ሲያድጉ መተላለፊያቸውም ስለሚሰፋ አንዳንዱ ያለ ሕክምናም ይሻለዋል።

የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ። ይህም የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ፣ ከአፍ የሚወጣና የሚገባ ሲሆን፣ ሐሳቡ ፈረንሳዊው ፒየር ሮቢን በ1902 ከገለጸው መሣሪያ ይጀምራል። መንጋጋው ወደ ፊት ሲመጣ ምላስም አብሮ ስለሚመጣ ጉሮሮ ይከፈታል። ለአዋቂዎች ይህ ዓይነቱ መሣሪያ በሌሊት ብቻ የሚደረግ የታወቀ ሕክምና ነው። ለሕፃናት ግን እስካሁን ያለው ማስረጃ ላንቃን ከማስፋት ያነሰ ስለሆነ በስፋት ለመምከር አያስደፍርም።

የሕክምናው ቅደም ተከተልና ወሰን

ቶንሲሉና አዴኖይዱ አብጦ መተላለፊያውን የዘጋበት ሕፃን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የአፍንጫ፣ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለም። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር በ2019 ባወጣው ሰነድ ይህንኑ አጽንቷል። በሰነዱ መሠረት የጥርስ ሐኪሙ ተግባር የሚጠረጠረውን ሕፃን ለይቶ መላክ ሲሆን፣ በሽታውን የሚወስነው ግን የእንቅልፍ ምርመራ የሚያውቅ ሐኪም ነው፤ ችግሩ ይመጣል በሚል ግምት ብቻ ላንቃን ማስፋትም አይደገፍም። መንጋጋቸው የተስተካከለ ሕፃናትን «ኋላ እንዳይታመሙ» እያሉ መሣሪያ የሚያስሩ ባለሙያዎች በየአገሩ ስላሉ፣ ወላጅ ይህን ማወቁ ገንዘቡንም ልጁንም ይጠብቅለታል።

ሕክምና በትምህርት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። ሁለቱም የተካሄዱት በቶንሲልና በአዴኖይድ ቀዶ ሕክምና ላይ ነው። የመጀመሪያው ዴቪድ ጎዛል በ1998 ያሳተመው ሲሆን፣ ውጤታቸው ከክፍላቸው የመጨረሻው አሥር በመቶ የሆነ 297 የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ይመለከታል። ከነዚህ መካከል በ54ቱ፣ ማለትም በ18 በመቶው፣ የሌሊት ትንፋሽ ችግር ተገኝቷል። ወላጆቻቸው ቀዶ ሕክምናውን የተቀበሉላቸው 24 ሕፃናት በሚቀጥለው ዓመት አማካይ ውጤታቸው ከ2.43 ወደ 2.87 ከፍ ሲል፣ ሳይታከሙ የቀሩት ግን በነበሩበት ቆይተዋል። ሁለተኛው ጥናት በ2013 የታተመና ዕድሜያቸው ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆነ 464 ሕፃናትን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ ለሰባት ወር የተከታተለ ነው። በዚህ ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕፃናት ጠባያቸውና አጠቃላይ ደኅንነታቸው ተሻሽሏል፤ የእንቅልፍ ትንፋሻቸውም በ79 በመቶው ላይ ወደ ጤነኛ ሁኔታ ተመልሷል። ባልታከሙትም ዘንድ 46 በመቶው ተሽሏቸዋል። በትኩረት መለኪያ ፈተና ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ሕፃኑ ቢታከም ቀልጣፋና ደስተኛ ይሆናል ማለት ይቻላል፤ የክፍሉ አንደኛ ይሆናል ብሎ ለወላጅ ተስፋ መስጠት ግን አይገባም።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በአገራችን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ልማዶች ሊነሡ ይገባል። አንደኛው እንጥል ማስቆረጥ ነው። ሕፃኑ ጉሮሮውን ሲያመው ወይም ሲያስለው እንጥሉ ወረደ፣ አበጠ እየተባለ በባሕል ሐኪም ይቆረጣል። ይሁን እንጂ ከላይ እንደ ተገለጸው የሕፃናትን ትንፋሽ የሚዘጉት በአብዛኛው ከጎን ያሉት ቶንሲሎችና አፍ በመክፈት የማይታየው አዴኖይድ ናቸው። እንጥል መዋጥንና መናገርን የሚረዳ አካል ነው፤ መቆረጡም ለደም መፍሰስና ለቁስል ማመርቀዝ፣ አንዳንዴም ለሞት ያጋልጣል። ሁለተኛው በጨቅላ ሕፃን ላይ የሚፈጸመው ግግ ማውጣት ነው። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ከድዱ ውስጥ ተፈልፍሎ የሚወጣው ነገር በሽታ ሳይሆን ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ነው። ከሥሩ የሚገኘው የቋሚ ጥርስ እንቡጥም አብሮ ሊጎዳና የጥርሱ አበቃቀል ሊዛባ ይችላል። ሁለቱም ልማዶች በንጽሕናና በሳይንስ ትምህርት ክፍለ ጊዜ በግልጽ ቢነገሩ፣ ነገ ወላጅ የሚሆነው ተማሪ ከወዲሁ ያውቃል።

መምህሩ ሐኪም አይደለም፤ እንዲሆንም አይጠየቅም። ነገር ግን ሕፃኑን በቀን ብዙ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያየው ከወላጅ ቀጥሎ እሱ ነው። ጉንፋን ሳይዘው ሁልጊዜ አፉን ከፍቶ የሚቀመጥ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ ከዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ ጠዋት ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ከአፍንጫው የሚናገር የሚመስል ተማሪ መታሰብ አለበት። ሲስቅም የላይኛው ጥርሶቹ በታችኛዎቹ ውስጥ ገብተው የሚታዩ ከሆነ ላንቃው የጠበበ ሊሆን ይችላል። አዋቂ እንቅልፍ ሲያንሰው ይደነዝዛል፤ ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል። በዚህ ምክንያት ረባሹ ተማሪ ከሚያንቀላፋው ይልቅ ሳይታወቅ ይቀራል።

ወላጅ ሲጠራ የሚጠየቀው ጥያቄ ጥቂት ነው። ልጁ በሳምንት ከሦስት ሌሊት በላይ ያንኮራፋልን? ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት ሲመለስ ተሰምቶ ያውቃልን? በላብ ተጠምቆ ወይም አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይተኛልን? አልጋ ላይ መሽናት ትቶ ሳለ እንደገና ጀምሯልን? ቤተ ሰቡ በአንድ ክፍል በሚተኛበት ቤት ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የማትሰጥ እናት አትገኝም። ችግሩ ማንኮራፋት የጥልቅ እንቅልፍ ምልክት ነው ተብሎ ስለሚታመን ማንም ሳይጠይቅ የሚናገረው አለመኖሩ ነው። እንዲህ ባለው ውይይት መምህሩ የበሽታ ስም መጥራት የለበትም፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ መምከር ይበቃዋል። ሕፃኑንም በክፍል ጓደኞቹ ፊት በአፉ ስለ መተንፈሱ ወይም ስለ ጥርሱ መናገር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

በጠባብ ቤት ውስጥ የሚነድ እንጨትና ከሰል ጭሱ የአፍንጫን ውስጥ ያስቆጣል፤ የሲጋራ ጭስም እንዲሁ። ማብሰያውን ከመኝታ መለየት በተቻለበት ቤት ይህ ያለ ሐኪም የሚሠራ እርዳታ ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ደግሞ ጨለማ ሳለ ተነሥቶ የሚመጣ ከሆነ፣ ትንፋሹ ጤናማ ቢሆንም እንቅልፉ ስለማይሞላ ሁለቱ እንዳይምታቱ መለየት ያስፈልጋል። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መተኛት ይገባዋል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀረው ጥያቄ የአቅም ጥያቄ ነው። የጥርስና የመንጋጋ ማስተካከል ሕክምና ዋጋው ከባድ ነው፤ ባለሙያዎቹም በዋና ከተማውና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች የተሰበሰቡ ናቸው። ሕፃናትን ለይቶ የሚላኩበትን ቦታ አለማዘጋጀት ወላጅን ለከንቱ ጭንቀት መዳረግ ይሆናል። ስለዚህ የዓይንና የጆሮ ምርመራ በሚካሄድባቸው ትምህርት ቤቶች፣ በዚያው ካርድ ላይ ስለ ማንኮራፋትና ስለ አፍ ትንፋሽ ሁለት መስመር መጨመር፣ የሚጠረጠሩትንም በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ማስተላለፍ የሚቻል ጅምር ነው። ጥበቱ የላንቃ መሆኑ የታወቀው ሕፃን ወደ ጥርስ ሐኪም የሚላከው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ ረገድ ዕድሜ ወሳኝ ነው። ላንቃን በብሎን ብቻ ማስፋት የሚቀለው ተማሪው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚገኝባቸው ዓመታት ሲሆን፣ መጋጠሚያው ከጠነከረ በኋላ ግን በአጥንት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ወይም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። በሁለተኛ ክፍል የተስተዋለ ሕፃንና በአሥረኛ ክፍል የተስተዋለ ወጣት የሚጠብቃቸው ሕክምና፣ ወጪውም ሥቃዩም አንድ አይደለም።